የሙዚቃ አበቅቴ፦ ኮማ ስለሚባሉት ጥቃቅን የድምፅ ርቀቶች

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ፣ ክራር መማር ከጀመረ ጥቂት ወራት የሆነው ወጣት በስልኩ መቃኛ እየተመራ ክሮቹን ሲያጠብቅና ሲያላላ ቆየ። የመቃኛው መርፌ በእያንዳንዱ ክር ላይ መሀል ገብታ አረንጓዴ እስክትሆን ጠበቀና ክራሩን ለመምህሩ አቀበለ። ሽማግሌው ክሮቹን አንድ ጊዜ መታ መታ አደረጓቸውና፣ «ልጄ፣ ይህቺ ሚ የምትሏት ትጮሃለች፤ ትንሽ አላላት» አሉት። «ጋሼ፣ ስልኩ እኮ ልክ ናት ይላል» ሲላቸው፣ «ስልኩ ከማን ጋር ነው የቃኛት?» ብለው ጠየቁት።

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ የሙዚቃ ጽንሰ ሐሳብ ከጥንት ጀምሮ ሲታገለው የኖረውን ጉዳይ በአንድ አፍ ይናገራል። ስልኩ ክሯን ያመዛዘናት አስቀድሞ ከተወሰነና ከየትኛውም መሣሪያ ውጭ ከተቀመጠ የቁጥር ሰሌዳ ጋር ነው፤ መምህሩ ግን ያመዛዘኗት አጠገቧ ካሉት ከራሷ እህቶች ጋር ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። በሁለቱ ፍርድ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ፣ ከፒያኖ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት አንድ ሰባተኛ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህችና ስለመሰሎቿ ጥቃቅን ርቀቶች ነው። ከየት እንደሚመጡ፣ ለምን ሊጠፉ እንደማይችሉ፣ ሰዎችም የት የት ሊደብቋቸው እንደሞከሩ እንመለከታለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ቃል ላጥራ። በሙዚቃ ትምህርት «ጀስት ኢንቶኔሽን» የሚባል አሠራር አለ፤ ትርጉሙም ድምፆችን በትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች ንጽጽር፣ ማለትም እንደ 3 ለ 2 ወይም 5 ለ 4 ባሉ ክፍልፋዮች ማዛመድ ነው። እዚህ «ንጹሕ አቃቃን» እለዋለሁ፤ ምክንያቱም «ቅኝት» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለመጥራት ተይዟል። ቅኝት የትኞቹ ድምፆች እንደሚመረጡ ይነግረናል፤ አቃቃን ግን የተመረጠው ድምፅ በትክክል የት ላይ እንደሚቆም የሚመለከት ነው። አንድን ትዝታ በተለያየ አቃቃን መጫወት ይቻላል፤ ትዝታነቱን አይለቅም፤ ጣዕሙ ግን ይለወጣል።

ድምፅ ማለት ንዝረት ነው፤ ቅጥነቱና ውፍረቱም የሚለካው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር በመቁጠር፣ በሄርትዝ ነው። ለሂሳብ እንዲመቸን የክራራችን ዶ በሰከንድ 240 ጊዜ ይነዝራል እንበል። አንድ ክር ሲመታ ግን በሙሉ ርዝመቱ ብቻ አይነዝርም፤ በግማሹም፣ በሲሶውም፣ በሩቡም፣ በአንድ አምስተኛውም በአንድ ጊዜ ይነዝራል። ስለዚህ ከ240 ጋር 480፣ 720፣ 960፣ 1200 እያሉ የሚቀጥሉ ሃርሞኒክ የተባሉ አጃቢ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ጆሯችን ለየብቻ አይቆጥራቸውም፤ የክራሩን ድምፅ የክራር፣ የማሲንቆውን የማሲንቆ የሚያሰኘው ግን በአብዛኛው የእነርሱ መጠን ነው።

የንጹሕ አቃቃን ምስጢር እነዚህ አጃቢዎች ላይ ነው። ሌላ ክር በ300 ብንቃኝ የእርሱ አጃቢዎች 600፣ 900፣ 1200 ይሆናሉ። የዶ አምስተኛ አጃቢና የአዲሱ ክር አራተኛ አጃቢ ሁለቱም 1200 ላይ ስለሚገናኙ ሁለቱ ክሮች አንድ ላይ ሲመቱ ድምፁ ረግቶ ይቆማል። 300 ለ 240 ማለት 5 ለ 4 ነው። ይህም በንጹሕ አቃቃን የሚ ቦታ ነው። አሁን ክሩን ጥቂት አጥብቀን 302 አካባቢ ብናደርገው አራተኛ አጃቢው ከ1200 ያልፋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ተቀራራቢ አጃቢዎች እየተጋፉ ድምፁ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል። የሚርገበገብበትም ቁጥር በሁለቱ አጃቢዎች መካከል ያለው የሄርትዝ ልዩነት ነው። ሽማግሌው «ትጮሃለች» ያሏት ይህንን መርገብገብ ነው። ቁጥሩን ላያውቁት ይችላሉ፤ እርሱን የሚሰማው ጆሮ ግን የቁጥር ትምህርት አይፈልግም።

እነዚህን ርቀቶች ለማነጻጸር መለኪያ ያስፈልገናል። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባቀረበው ጥናት የተለያዩ ሕዝቦችን የሙዚቃ ስኬሎች ሲያወዳድር ሴንት የተባለውን መለኪያ ተጠቅሟል። ድምፅ በእጥፍ የሚያድግበት ርቀት፣ ማለትም ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለው ኦክታቭ፣ 1200 ሴንት ይሆናል፤ በኪቦርድ ላይ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች በ100 ሴንት ይራራቃሉ። የመለኪያው ጥቅም ንጽጽሮችን ማባዛት ሲገባን በቀላሉ መደመር ማስቻሉ ነው። በዚህ መለኪያ 3 ለ 2 የሆነው አምስተኛ ርቀት፣ ለምሳሌ ከዶ እስከ ሶል (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሲባል አምስተኛው)፣ 702 ሴንት ያህል ነው፤ 5 ለ 4 የሆነው ሦስተኛ ርቀት፣ ከዶ እስከ ሚ፣ 386 ሴንት ያህል ነው። የወጣቱ ስልክ ግን ሚ 400 ሴንት ላይ እንድትቆም ይጠብቃል። መምህሩ እንዲያላላት ያዘዙት እነዚያን 14 ሴንት ነው።

እስካሁን ነገሩ ቀላል ነው፤ ስልኩን ትቶ ጆሮን መከተል ብቻ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ጆሮን በሚገባ ስንከተል ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን ክር ከሌላው ጋር እያስማማ ነው የሚሄደው፤ ለጆሮ ከኦክታቭ ቀጥሎ የሚቀሉት ደግሞ አምስተኛና 4 ለ 3 የሆነው አራተኛ ርቀቶች ናቸው። እንግዲህ የትዝታን አምስት ድምፆች፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላን በዚህ መንገድ እንቃኝ። ዶ 240 ነው። ከእርሱ አምስተኛ ወደ ላይ ስንወጣ ሶል 360 ይሆናል። ከሶል አራተኛ ወደ ታች ስንወርድ ሬ 270 ላይ ይገኛል። ከሬ አምስተኛ ስንወጣ ላ 405፣ ከላ አራተኛ ስንወርድ ደግሞ ሚ 303.75 ትሆናለች። እያንዳንዱ እርምጃ ፍጹም ንጹሕ ነበር፤ የትም ቦታ አልተሳሳትንም። ነገር ግን ከዶ ጋር የምትስማማው ሚ 300 ላይ ናት ብለን ነበር። አሁን ያገኘናት ሚ በ3.75 ሄርትዝ ትበልጣለች፤ ከዶ ጋር አብራ ብትመታ በሰከንድ 15 ጊዜ ትርገበገባለች።

303.75 ለ 300 ማለት 81 ለ 80 ነው፤ በሴንት ሲለካ 21.5 ገደማ ይሆናል። ይህች ርቀት ኮማ ትባላለች፤ ቃሉ በግሪክኛ ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ማለት ነው። ከሌሎቹ ኮማዎች ለመለየት ሲንቶኒክ ኮማ፣ አንዳንድ ጊዜም በጥንታዊው የግሪክ የሙዚቃ ሊቅ በዲዲሞስ ስም የዲዲሞስ ኮማ ይሏታል። መነሻዋን በአንድ መስመር ማየት ይቻላል፦ አራት አምስተኛ ርቀቶች ሲደራረቡ 81 ለ 16 ይሰጣሉ፤ ሁለት ኦክታቭና አንድ ንጹሕ ሦስተኛ ሲደመሩ ግን 80 ለ 16 ይሆናሉ። አንዷ ቁጥር፣ ከሰማንያው ላይ የምትተርፈው አንዷ፣ የክርክሩ ሁሉ ምንጭ ናት።

ታዲያ ሚን ብቻ ወደ 300 ብናላላትስ? ከዶ ጋር ትታረቃለች፤ ከላ ጋር ግን ትጣላለች፤ ምክንያቱም 405 ለ 300 ማለት 27 ለ 20 ነው፤ ይህም ከንጹሕ አራተኛ በአንድ ኮማ የሰፋ ሻካራ ርቀት ነው። እሺ፣ ላንም ወደ 400 እናውርደው። ሚና ላ ተስማሙ፤ አሁን ደግሞ ሬና ላ ተበላሹ፤ አምስተኛቸው በአንድ ኮማ ጠበበ። ሬን ብናወርደው ከሶል ጋር ይጋጫል፤ ሶልን ብናወርደው ከዶ ጋር ይጋጫል፤ ዶን ካወረድነው ደግሞ ሁሉንም ከመጀመሪያ ልንጀምር ነው። ነገሩ እንደ አጭር ጋቢ ነው፤ ራስን ሲሸፍኑበት እግር ይገለጣል፤ እግርን ሲሸፍኑበት ራስ። ጋቢውን ማዟዟር እንጂ ማስረዘም አይቻልም። አምስት ክር ባለው ትንሽ መሣሪያ ላይ እንኳ ኮማዋ የምታድርበት ቦታ የግድ መገኘት አለበት።

መሣሪያ የሌለው ዘፋኝ ከዚህ ያመለጠ ይመስል ይሆናል፤ ጉሮሮ የተቆጠረ ክር የለውምና። ይሁን እንጂ ያለ መሣሪያ ብቻውን የሚዘፍንና እያንዳንዱን ርቀት ፍጹም ንጹሕ አድርጎ የሚይዝ ሰው እናስብ። ከዶ ወደ ሶል ወጣ፤ 360። ወደ ሬ ወረደ፤ 270። ወደ ላ ወጣ፤ 405። ከላ ደግሞ 5 ለ 3 በሆነው ንጹሕ ስድስተኛ ርቀት ወደ ዶ ተመለሰ፤ 405 በ3 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 243 ነው። ሲነሳ 240 ነበር፤ ሲመለስ 243 ሆነ። ያው ኮማ ናት። ይህንኑ ዑደት አሥር ጊዜ ቢደጋግመው 272 ሄርትዝ ገደማ ላይ ይደርሳል፤ ይህም መጀመሪያ ሬ ከነበረበት ከ270 በላይ ነው። እንዲህ ያለው ዘፋኝ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳይስት ከቤቱ ርቆ ሄዷል። በተግባር የምንሰማቸው ጥሩ ዘፋኞች እንዲህ የማይንሸራተቱት ሳያውቁት በመንገድ ላይ ከአንዱ ርቀት ጥቂት፣ ከሌላው ጥቂት እየቀነሱ የመነሻውን ድምፅ ስለሚያስታውሱ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ የጨረቃ ዓመት ባለ 29ና ባለ 30 ቀን ወራት እየተፈራረቁበት 354 ቀን ነው፤ የሚተርፈው 11 ቀን አበቅቴ ይባላል። አበቅቴ የቆጣሪ ስሕተት አይደለም፤ ፀሐይና ጨረቃ በየራሳቸው መንገድ ሲሄዱ አንዱ በሌላው ስለማይሰፈር የግድ የሚተርፍ ነው። ኮማም የሙዚቃ አበቅቴ ናት። በሲንቶኒክ ኮማ የማይሰፋፈሩት አምስተኛና ሦስተኛ ርቀቶች ሲሆኑ፣ ከእርሷ ይልቅ የታወቀችው ሌላዋ ኮማ የምትወለደው ደግሞ ከአምስተኛና ከኦክታቭ ነው።

ይህችኛዋ የፓይታጎራስ ኮማ ትባላለች። ከዶ ተነስተን በንጹሕ አምስተኛ ብቻ ወደ ላይ ብንጓዝ 12 እርምጃ ስንጨርስ እንደገና ዶ ላይ የደረስን ይመስለናል፤ በኪቦርድ ላይ ብንቆጥረውም ሰባት ኦክታቭ በላይ ያለው ዶ ላይ እንቆማለን። ሂሳቡ ግን አይስማማም። ሰባት ኦክታቭ ማለት 128 እጥፍ ነው፤ 12 ንጹሕ አምስተኛ ግን 129.746 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትርፉ 531441 ለ 524288፣ በሴንት 23.5 ገደማ ነው። ከ12 እርምጃ በኋላ ካልተገናኘ ከ20 ወይም ከ100 በኋላ ይገናኝ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ለዘላለሙ አይገናኝም ነው። ምክንያቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሊረዳው የሚችል ነው፦ 3ን በራሱ ስንት ጊዜ ብናባዛው ውጤቱ ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ 2ን በራሱ ስናባዛው ግን ሁልጊዜ ይከፈላል፤ ስለዚህ በራሱ የተባዛ 3ና በራሱ የተባዛ 2 መቼም አንድ ቁጥር ላይ አይገጥሙም። መቀራረብ ግን ይችላሉ። ቻይናዊው የሃን ዘመን ሊቅ ጂንግ ፋንግ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት፣ 53 አምስተኛ ከ31 ኦክታቭ ጋር እጅግ እንደሚቀራረብ አስልቶ ነበር፤ የሚተርፈው 3.6 ሴንት ብቻ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ፀሐይንና ጨረቃን ለማስታረቅ በየ19 ዓመቱ የሚዞር ቀመር ይዘዋል፤ ብልሃቱ አንድ ነው፤ ዑደቱን በማስረዘም ትርፉን ማሳነስ።

ትርፉን ካወቁ በኋላ ምን ማድረግ ይሻላል? እዚህም ላይ የቀን መቁጠሪያ ይረዳናል። እኛ 12ቱን ወር እኩል 30፣ 30 ቀን ሰጥተን የተረፉትን 5 ወይም 6 ቀናት ጳጉሜን ብለን ለብቻቸው አስቀመጥናቸው። ፈረንጆቹ ግን ትርፉን በወራቱ ውስጥ በትነው አንዱን 30፣ አንዱን 31 አደረጉት፤ ለብቻው የቆመ ወር የላቸውም። በሙዚቃም ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። በጳጉሜን መንገድ የሄደው የጥንቱ አቃቃን 11 አምስተኛዎችን ንጹሕ አድርጎ ትርፉን በሙሉ በ12ኛው ላይ ይጥለዋል፤ ያ አንድ አምስተኛ በጣም ከመሻከሩ የተነሳ የአውሮፓ አርጋን ተጫዋቾች ተኩላ ይሉት ነበር። ጎንደሬ ቢሰይመው ኖሮ ጅብ ይለው እንደነበር አልጠራጠርም። ተጫዋቹ ተኩላው ያለበትን ቁልፍ እየዘለለ እስከተጫወተ ድረስ ሌላው ሁሉ ያማረ ነበር።

ሦስተኛዎች እንዲጠሩ የፈለጉት ደግሞ ሚንቶን የሚባለውን አሠራር አመጡ፤ ጣሊያናዊው ፒዬትሮ አሮን እ.ኤ.አ. በ1523 ገልጾታል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ አምስተኛ በሲንቶኒክ ኮማ ሩብ፣ ማለትም በ5.4 ሴንት ያህል ይጠብባል። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ስለሆነ አራት አምስተኛ ተጉዘን የምናገኛት ሚ በትክክል 5 ለ 4 ላይ ትወድቃለች። ዋጋው ተኩላው እጅግ መክፋቱ ነው፤ የቀረው 12ኛ አምስተኛ ከንጹሑ በ36 ሴንት ገደማ ይሰፋል። በፋሲል ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ሣልሳዊ ዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሻቸውን ባሠሩበት ዘመን፣ ከአውሮፓ አርጋኖች ብዙዎቹ ገና ከዚህ ተኩላ ጋር ይኖሩ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ትርፉን በ12ቱ ላይ እኩል መበተን ነው። ቻይናዊው ልዑል ጁ ዛይዩ እ.ኤ.አ. በ1584 የዚህን እኩል ክፍፍል ቁጥሮች በትክክል አስልቷል፤ ዛሬ በዓለም ያሉ ኪቦርዶችና የስልክ መቃኛዎች ሲፈበረኩ ተሞልተው የሚመጡት በዚህ ነው። እያንዳንዱ አምስተኛ በ2 ሴንት ያህል ብቻ ይጠብባል፤ ይህ ለጆሮ ከምንም አይቆጠርም። ተኩላ የለም፤ ከየትኛውም ቁልፍ መነሳት ይቻላል። ሦስተኛው ግን ከንጹሑ 14 ሴንት ከፍ ብሎ 400 ላይ ይቀመጣል። በእኛ ዶ ስናሰላው ሚ 302.38 ትሆናለች፤ በሰከንድም 9 ተኩል ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። የወጣቱ ስልክ «ልክ ናት» ያለው ይህቺን ነው። ስለዚህ አሁን ሦስት ሚዎች አሉን፤ በ386 ከዶ ጋር የታረቀችው፣ በ408 ገደማ በአምስተኛ ሰንሰለት የመጣችው፣ በመካከል ደግሞ ከማንም ጋር ሳትጣላ ከማንም ጋርም ሙሉ በሙሉ ሳትስማማ የምትኖረው የፋብሪካዋ።

ከሁለቱ ኮማዎች ሌላ ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። የፓይታጎራስ ኮማ ከሲንቶኒክ ኮማ ትበልጣለች፤ ልዩነታቸው ስኪዝማ ይባላል፤ 1.95 ሴንት ብቻ ነው። አስገራሚው ነገር በእኩል ክፍፍል ከእያንዳንዱ አምስተኛ የሚቀነሰው መጠን ከዚህ ጋር ለማለት ይቻላል እኩል መሆኑ ነው። ሦስት ንጹሕ ሦስተኛ ስንደራርብ ኦክታቭ መሙላት ሲገባቸው 41 ሴንት ይጎድላቸዋል፤ ይህ ጉድለት ዲየሲስ ይባላል፤ ንጽጽሩ 128 ለ 125 ነው። እስካሁን የተጠቀምነው በ2፣ በ3ና በ5 ብቻ ነበር፤ ሰባተኛውን አጃቢ ስንጨምር ደግሞ አዲስ ቤተሰብ ይከፈታል። 7 ለ 4 የሆነው ርቀት 969 ሴንት ገደማ ነው፤ በኪቦርድ ቅርቡ ያለው ቁልፍ 1000 ላይ ስለሆነ 31 ሴንት ይርቀዋል። በአምስተኛ ሰንሰለት ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 64 ለ 63 ነው፤ እርሱም የሰባት ኮማ ይባላል፤ 27 ሴንት ያህል ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ፓርች ከዚህም አልፎ እስከ 11 ያሉትን ቁጥሮች ይዞ ኦክታቩን በ43 ድምፆች ከከፈለ በኋላ፣ የሚጫወታቸው መሣሪያ ባለመኖሩ መሣሪያዎቹን በገዛ እጁ ሠራ። ትዕግሥቱን አደንቃለሁ፤ 43 ክር ያለው ክራር ተሸክሜ ግን ከፒያሳ እስከ አዘዞ መሄድ አልሻም።

እነዚህ ርቀቶች በእርግጥ ይሰማሉ ወይስ የወረቀት ጨዋታ ናቸው? ሁለት ድምፆች ተራ በተራ ሲሰሙ አብዛኛው ሰው ከ5 ሴንት ያነሰ ልዩነትን ለመለየት ይቸገራል፤ ስለዚህ ስኪዝማ በዚህ መንገድ አትሰማም። ኮማ ግን ከዚያ አራት እጥፍ ትበልጣለች፤ ያልሠለጠነ ጆሮም ይሰማታል። ድምፆቹ አንድ ላይ ሲመቱ ደግሞ መርገብገቡ ስለሚያጋልጣቸው ከዚያ ያነሱትም ይታወቃሉ። ስልክ ላይ ድምፅ አመንጪ መተግበሪያ ያለው ሰው 240ንና 300ን አብሮ ከፍቶ፣ ከዚያ 300ውን ወደ 303.75 ቢለውጠው ልዩነቱን ያለ መምህር ይረዳዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ አጃቢ ድምፅ የሌለው ባዶ ቃና ከተመረጠ መርገብገቡ በደንብ ስለማይሰማ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለውን ሻካራ ቃና መምረጥ ያስፈልጋል።

ወደ ቅኝቶቻችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሦስተኛው ዝቅ ባለበት ትዝታ፣ ከዶ እስከ ዝቅተኛው ሚ ያለው ርቀት 6 ለ 5 ቢሆን 316 ሴንት፣ በአምስተኛ ሰንሰለት ቢገኝ 294፣ በሰባት ቤተሰብ 7 ለ 6 ቢሆን ደግሞ 267 ገደማ ይሆናል። ኪቦርዱ ለሦስቱም አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፤ 300። በሰፊውና በጠባቡ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቁልፍ ያህል ስለሆነ ዜማው አንዴ የተረጋጋ፣ አንዴ የከበደ ሆኖ ይሰማል። አንቺሆዬ ደግሞ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ በኪቦርድ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ቤሞል (ከሬ አንድ ቁልፍ ዝቅ ያለው)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞልና ላ ይሆናል፤ ሶል ቤሞሉም የኦክታቩ ልክ እኩሌታ፣ 600 ሴንት ላይ ይቀመጣል። በንጹሕ አቃቃን ግን ልክ እኩሌታ የሚባል ቦታ የለም። 7 ለ 5 ሲሆን 583፣ 45 ለ 32 ሲሆን 590፣ 64 ለ 45 ሲሆን 610፣ 10 ለ 7 ሲሆን 617 ገደማ ነው። በመካከለኞቹ በሁለቱ መካከል ያለችው 19.6 ሴንት ርቀት ዲያስኪዝማ የምትባል ሌላ ኮማ ናት። አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲሰማ «አለ፤ ግን ልክ አይደለም» የሚያሰኘው ከእነዚህ አማራጮች አንዱም ስላልተሰጠው ይመስለኛል።

ይህን ስል ግን የአዝማሪ አቃቃን ሁሉ በእነዚህ ክፍልፋዮች መሰፈር አለበት ማለቴ አይደለም። ንጹሕ አቃቃን ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ እንዲረጉ የሚፈልግ አሠራር ነው፤ የእኛ ዜማ ደግሞ በአብዛኛው አንድ መስመር ይዞ የሚሄድ፣ ውበቱም በመንሸራተቱና በመርገፍገፉ ጭምር የሆነ ነው። ክራር ከክራር፣ አዝማሪ ከአዝማሪ በአቃቃን ይለያያል፤ ይህም ስሕተት ሳይሆን የእጅ መለያ ነው። ንጹሕ ክፍልፋዮቹ የሚጠቅሙን እንደ ካርታ ነው፤ ድምፅ ሊያርፍባቸው የሚወድዳቸው ጉድጓዶች የት እንዳሉ ያሳያሉ። ማሲንቆ ቋሚ የጣት ማረፊያ ስለሌላት ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በጣቱ ጥቂት ማዘንበል ብቻ ይበቃዋል። ዋሽንት አራት ቀዳዳዋ በቦታው የተቆረጠ ቢሆንም፣ በትንፋሽና ቀዳዳውን በከፊል በመሸፈን ጥቂት ማነቃነቅ ይቻላል። ክራር በመካከል ናት፤ ከዘፈን በፊት ነጻ፣ ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ የታሰረች። ኪቦርድ ከማሲንቆ ጋር በሚጫወትበት ምሽት ቤት ሁለቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ሲገናኙ የሚሰማው መቧጨር የማሲንቆውን ተጫዋች ብቃት አያጠራጥርም፤ አንዱ መንቀሳቀስ ሲችል ሌላው ስለማይችል ነው።

ኪቦርዱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የታሰረ አይደለም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ኪቦርዶች በምናሌያቸው ውስጥ እያንዳንዱን ቁልፍ በሴንት ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ስኬል ቱኒንግ የተባለ ክፍል አላቸው። ለትዝታ ዶን ዜሮ ላይ ትቶ ሬን 4 መጨመር፣ ሚን 14 መቀነስ፣ ሶልን 2 መጨመር ነው። አምስተኛውን ድምፅ፣ ላን፣ ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ኮማዋ ማደሪያ የምትጠይቀው እርሱ ላይ ነውና። ዜማው ዶ ላይ እያረፈ የሚመላለስ፣ ላም ከዶና ከሚ ጋር ብዙ የሚገናኝ ከሆነ 16 ይቀነስለት። ዜማው ሬ ላይ የሚደገፍና ከሬ ወደ ላ የሚዘል ከሆነ ደግሞ 6 ይጨመርለት። በሁለቱ መካከል ያለው 22 ሴንት ያችው 81 ለ 80 ናት። ወጣቱ በማግስቱ ሁለቱንም በክራሩ ሞክሮ የትኛው እንደሚሻል መምህሩን ሲጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ የትኛውን ዘፈን እንደምትጫወት ንገረኝ» አሉት።